ቅርስ የሚባለው ድንጋይ ብቻ ነውን?

ሰው ያለፈውን ዘመን የሚያስታውስበት መንገድ ሦስት ነው፤ ቃል፥ ጽሕፈትና የእጅ ሥራ። ቃል ከተናጋሪው ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል። ጽሕፈትም አንባቢ ካላገኘ በሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። በእጅ የተሠራ ቤት ግን ፊደል ለቈጠረውም ላልቈጠረውም በአደባባይ ቆሞ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ከተማ አሮጌ ቤቶቿን ስታጣ ከሦስቱ ምስክሮቿ አንዱን፥ ያውም ሁሉ የሚሰማውን፥ አጣች ማለት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ስለ ደብረ ማርቆስ ከተማ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አነጋገር ነው። «አክሱም ሐውልት አላት፤ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ጎንደር ግንብ አላት። ደብረ ማርቆስ ግን ትናንት የተቈረቈረች የጭቃ ከተማ ናት፤ ምኗ ቅርስ ተብሎ ይጠበቃል?» ይላሉ። ነገሩ በጠላ ቤት የሚነገር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልስ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ይህን የሚሉት በእጃቸው ማኅተም የያዙ፥ በፊታቸው ተማሪ የተቀመጠላቸው፥ ለከተማ ፕላን አሳብ የሚያቀርቡ ሰዎች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ስሕተት በአንድ ቤት ተወስኖ አይቀርም፤ ደብዳቤ ሆኖ ይወጣል፥ ትእዛዝ ሆኖ ይፈጸማል።

ክርክራቸው ሲጠቃለል ሦስት ነው። ከተማይቱ ገና ልጅ ናት ይላሉ፤ ቤቷ ጭቃ ነው ይላሉ፤ ሕዝቧ የሚያስፈልገው መንገድና ውሃ እንጂ አሮጌ ግድግዳ አይደለም ይላሉ። ሦስቱንም ተራ በተራ እንመረምራለን። አስቀድሞ ግን ስለ ከተማይቱ ታሪክ በአጭሩ መናገር ይገባል፤ የማያውቁትን መናቅ ቀላል ነውና።

ደብረ ማርቆስ ከጮቄ ተራራ በታች፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ፥ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተመሠረተች ከተማ ናት። የመጀመሪያ ስሟ መንቆረር ነው። የቈረቈሯትም በ1845 ዓ.ም. ገደማ የጎጃም ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው ይባላል። ደጃዝማች ተድላ ለዐፄ ቴዎድሮስ አንገዛም ብለው ብዙ ዓመት የታገሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ መንቆረር የተወለደችው የመሳፍንት ዘመን ሊያበቃ፥ የአንድነት መንግሥት ሊጀምር በተቃረበበት ወራት ነው። ያን ዘመን ለማጥናት የሚሻ ሰው ከመቅደላ ቀጥሎ ሊመለከታት የሚገባ ከተማ ናት።

ከዚያም ጎጃምን ራስ አዳል ተሰማ ያዙ። በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳልን «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» አሰኝተው በጎጃምና በከፋ ላይ አነገሧቸው። የቅዱስ ማርቆስ ደብር የተተከለባት መንቆረር የንጉሥ መቀመጫ ሆነች፤ ስሟም በደብሩ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። የንጉሡ ዘመን የዕረፍት ዘመን አልነበረም። በግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ ተዋግተው ተማረኩ። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃም ጦር በደርቡሾች ድል ሆነ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተቈጥተው በጎጃም ላይ ዘመቱ፤ አገሩም ተጐዳ። በዚያው ላይ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ተጨመረ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን አስከትለው ከዐፄ ምኒልክ ጋራ ወደ ዐድዋ ዘመቱ። በጥር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። እንግዲህ «የጭቃ ከተማ» የተባለችው ለዐድዋ ድል ድርሻውን ያዋጣ ንጉሥ መናገሻ ነበረች።

ከንጉሡ በኋላ ከተማይቱ በልጃቸው በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ሌላ መልክ ያዘች። ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋራ አውሮፓን ጐብኝተው ተመለሱ። በ1918 ዓ.ም. ገደማም የአባታቸውን ቤተ መንግሥት በአውሮፓ ሥልት አሳደሱት። ይህን ነገር አንባቢ በጥቂቱ እንዲያስብበት እለምናለሁ። የአገራችን መኳንንት የውጭውን ሥልጣኔ በዓይናቸው አይተው ሲመለሱ ምን እንዳደነቁ፥ ምን እንደ ወሰዱና ምን እንደ ተዉ ለማወቅ ከመጽሐፍ ይልቅ የዚያ ቤት መስኮትና ደረጃ በግልጥ ያስረዳል። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ አገረ ገዢ ሆነው የመጡት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በግንቦት 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከተማይቱን ያዘ፤ ምሽግም ሠራ። ነገር ግን የጎጃም አርበኛ በየዱሩ ስላስጨነቀው ከምሽጉ ርቆ እንደ ልቡ ለመዘዋወር አልቻለም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ጠላት ለቆ ሲሄድ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከዚህችም ከተማ ተነሥተው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ጎጃም እስከ ተከፈለበት እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስም ደብረ ማርቆስ የመላው ጎጃም ዋና ከተማ ሆና ቈየች፤ ከዚያም ወዲህ የምሥራቅ ጎጃም መቀመጫ ናት።

የከተማይቱ ታሪክ የነገሥታትና የመኳንንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከኦሮሞ ወገን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ጎጃም የመጡት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አደጉ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ሆኑ። ዛሬ ስለ ጎጃም ታሪክ የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ፥ ኢትዮጵያዊም ይሁን የውጭ አገር ሰው፥ እርሳቸው የጻፉትን ሳይጠቅስ አያልፍም። የተማረከ ልጅ አድጎ የማረከውን አገር ታሪክ ጸሐፊ የሆነባት ከተማ ምን ዓይነት ከተማ እንደ ነበረች ለማወቅ የማይሻ ማን ነው? ይህን ለማወቅ ግን አለቃ የተመላለሱባት ከተማ መልኳ ሊቀር ይገባል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ፤ ከተማይቱ ልጅ ናት የሚለውን። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከመንቆረር በሠላሳ አራት ዓመት ታንሳለች። ይሁንና አዲስ አበባ የሚጠበቅ ቅርስ የላትም የሚል ሰው ቢነሣ እንስቅበታለን እንጂ አንከራከረውም። ጎንደርም ብትሆን በ1628 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ፋሲል ስትቈረቈር እንደ ማንኛውም ከተማ አዲስ ነበረች። የዚያን ጊዜ ሰዎች «ይህ ግንብ የትናንት ነው፤ ድንጋዩን አፍርሰን ለአጥር እንውሰደው» ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንኰራበት ምን ይኖር ነበር? አሮጌውን ብቻ የሚጠብቅ ትውልድ ለልጅ ልጆቹ አሮጌ ነገር አያተርፍላቸውም። የአገራችንም ሕግ ይህን ተረድቷል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ሲተረጕም በሳይንስ፥ በታሪክ፥ በባህልና በኪነ ጥበብ ያለውን ዋጋ ይመዝናል እንጂ ይህን ያህል ዘመን ያልሞላው ቅርስ አይባልም አይልም፤ ከድንጋይ ካልተሠራም አይልም።

ሁለተኛው ክርክር ጭቃ ነው የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያለው የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው። ጭቃ ነው ብሎ የናቀው የለም፤ ተማሪውም እንግዳውም አቀበቱን ወጥቶ ይጐበኘዋል። የጅማው የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም የአናጢዎች የእንጨት ሥራ የጐላበት ነው። ከአገራችን ውጭ ብንሄድ ደግሞ በማሊ አገር ጄኔ በምትባል ከተማ ከጭቃ የተሠራ ታላቅ መስጊድ አለ። አሁን ያለው ሕንፃ የተሠራው በ1907 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ ከደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥት አመሠራረት በኋላ የመጣ ነው። የጄኔ ሕዝብ በየዓመቱ ቀን ቈርጦ፥ ሽማግሌው ከወጣቱ ጋራ ወጥቶ፥ ጭቃ አቡክቶ መስጊዱን ይመርገዋል፤ ቀኑም እንደ በዓል ይከበራል። ዩኔስኮ ያችን የጭቃ ከተማ በ1988 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዘገባት። የጄኔ ሰዎች ከእኛ የሚበልጡት በሀብት አይደለም፤ ጭቃቸውን ባለማፈራቸው ነው።

የጎጃም ገበሬም ቢሆን ይህን ጥበብ ያውቃል። ጭድ ገብቶበት፥ በእግር ተረግጦ፥ ቀናት የሰነበተ ጭቃ እንዴት እንደሚይዝ፥ የወይራና የጥድ ቋሚ ምስጥን እንዴት እንደሚቋቋም አባቶቹ አስተምረውታል። የጭቃ ቤት ጠላቱ ዕድሜ ሳይሆን ውሃ ነው። ከላይ የጣራው ክፈፍ ረዝሞ ዝናቡን ከግድግዳው ካራቀው፥ ከታችም የድንጋይ መሠረት የመሬቱን እርጥበት ከከለከለው፥ በየጊዜውም ቢመረግ የጭቃ ግድግዳ ልጅንም የልጅ ልጅንም ያሳድጋል። ዛሬ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ክረምቱ ሳይሆን «ላሳምረው» የሚል ሰው ነው። ይኸውም በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ይለስንበታል። ጭቃ እርጥበት ይስባል፥ ፀሐይ ሲወጣም ይተፋዋል፤ ሲሚንቶ ግን መተንፈሻውን ይዘጋበታል። እርጥበቱ በውስጥ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ጥቂት ክረምት እንዳለፈም ሲሚንቶው ተቀርፎ ሲወድቅ ጭቃውን ይዞት ይወርዳል። ከዚያም ባለቤቱ «አላልኋችሁም? ጭቃ አይበረክትም» ይላል። ራሱ የገደለውን በሽተኛ ደካማ ነበር ብሎ እንደሚያማ ሐኪም ማለት ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ በአክብሮት ልንመልስለት ይገባል። ሕዝቡ ውሃ፥ መንገድ፥ መጸዳጃና መብራት ያስፈልገዋል ማለት እውነት ነው። ዝናብ በሚያፈስ ጣራ ሥር ልጆቿን የምታሳድገውን እናት «ቤትሽ ቅርስ ነውና እንደዚሁ ኑሪ» ማለት ግፍ ነው። እኔም ይህን የሚል ሰው ቢመጣ ተቃዋሚው እሆናለሁ። ነገር ግን ክርክሩ ከዚህ ወዲያ ሲሄድ ይሳሳታል፤ ውሃ ለማስገባት ግድግዳውን ማፍረስ ግዴታ ያደርገዋልና። ሐረርን ተመልከቱ። የጁገል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሕዝቡ ከውስጡ አልወጣም። በዚያው በጠባቡ መንገድ ይገበያል፥ በዚያው ቤት ይድራል፥ ይኳላል። ቅርሱ የተከበረው ሰው ስለሚኖርበት ጭምር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለመንገድ ኮሪደር ልማት ሲባል በፒያሳ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ ስለ ቅርስነታቸው የተነሣውን ክርክር ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ክርክር የማን አሳብ ትክክል ነው ብለን ለመፍረድ ሳንሻ አንድ ትምህርት እንወስዳለን፤ የትኛው ቤት ሊቀር እንደሚገባ መነጋገር ያለብን ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ነው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር የለቅሶ ቤት ጨዋታ ነው።

ስለ ገንዘቡም ቢሆን ሕጉ ዝም አላለም። ከላይ የጠቀስሁት አዋጅ ቅርስን የመጠበቁን ወጪ በባለቤቱ ላይ ያደርጋል፤ ነገር ግን ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊረዳ እንደሚችል ይናገራል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ስንት የቤት ባለቤት አለ? ለባለቤቱ የነገረውስ ስንት የመንግሥት ሠራተኛ አለ? በወረቀት ላይ ያለ መብት ለማያውቀው ሰው እንደሌለ ይቈጠራል።

እስካሁን የተናገርሁት ቅርስን ስለሚንቁ ሰዎች ነው። ከእነዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ወገን አለ፤ እርሱም ቅርስን እወዳለሁ እያለ የሚያጠፋው ነው። ይህ ወገን በዓመት አንድ ቀን ከበሮ ያስመታል፥ ካባ ያስለብሳል፥ ስለ አባቶች ጀግንነት ንግግር ያሰማል፤ በማግሥቱ አሮጌውን ቤት አስፈርሶ «በቀድሞው አምሳል» የብሎኬት ቤት ያሠራል፤ በላዩም ትልቅ ሰሌዳ ይሰቅላል። አምሳል ግን አምሳል ነው። በአዲሱ ብሎኬት ላይ ጭቃውን የመረገው ሰው የእጁ ጣት አይታይበትም፤ የአናጢው መጥረቢያም አይነበብበትም። የሟችን ፎቶግራፍ በግድግዳ መስቀል መልካም ነው፤ ገና በሕይወት ያለውን ሰው ቀብሮ ፎቶግራፉን መስቀል ግን ሌላ ነገር ነው።

ከቤቱ ጋራ የሚጠፉ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ስም ነው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ከተሞች ሁሉ ቀበሌ በቍጥር ሲጠራ ብዙ የሰፈር ስም ከመዝገብ ወጥቷል። አንድ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሠራዊት ክፍል፥ ከእጅ ሥራ፥ ከዛፍ፥ ከምንጭ ወይም ከአንድ ሰው ነው፤ ስሙ ሲጠፋ የሰፈሩ ታሪክ አብሮ ይጠፋል። ዜሮ አንድ፥ ዜሮ ሁለት ለአስተዳደር ያመቻል፤ ለልጅ ግን የሚነግረው ነገር የለም። ደግነቱ መንቆረር የሚለው ስም ከሽማግሌዎች አፍ ገና አልጠፋም። ወጣቱም እንዲያውቀው የሚያደርገው ግን ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ደብረ ማርቆስ ለብዙ ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ስለ ነበረች የግብር፥ የርስት ክርክር፥ የትምህርት፥ የመንገድና የጸጥታ ደብዳቤ ሁሉ ወደዚያ ይጐርፍ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ስለ መነሣቱ ለመጻፍ የሚሻ ተማሪ ከሽማግሌ ቃል ቀጥሎ የሚፈልገው በምሥራቅ ጎጃም መዝገብ ቤት ያሉትን ፋይሎች ነው። ፋይል ግን እንደ ቤት በአደባባይ አይታይም፤ ሲጠፋም ጩኸት የለውም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት በሥራ ሳለሁ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተጻፉ ደብዳቤዎች በሚያፈስ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከምረው አየሁ። ምን ሊደረጉ እንደ ሆነ ብጠይቅ «ቦታ ያዙብን፤ ይቃጠላሉ» የሚል መልስ ተሰጠኝ። መልሱን የሰጠኝ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበርና ጠረጴዛ በዝርዝር ቈጥሮ የሚረከብ ታማኝ ሠራተኛ ነው። ወንበሩ በንብረት መዝገብ ተጽፏል፤ ወረቀቱ ግን አልተጻፈም። ጉድለቱ የዚያ ሰው ብቻ ሳይሆን ለወንበር ዋጋ ሰጥቶ ለታሪክ ዋጋ ያልሰጠው አሠራራችን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለባለሥልጣኖቻችን የማቀርበው አሳብ ከባድ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ የከተማይቱ አሮጌ ቤቶች አንድ በአንድ ይቈጠሩ፤ ማን ሠራው፥ መቼ፥ በምን ዕቃ፥ ማን ይኖርበታል የሚለው ይጻፍ። ከዚያም የከተማ ፕላን የሚያወጣው ክፍል ይህን መዝገብ ሳያይ የማፍረሻ ደብዳቤ እንዳይጽፍ ይደረግ። ሦስተኛም የሚጠበቅ ቤት ያለው ሰው በሕጉ የተሰጠውን እርዳታ የሚጠይቅበት መንገድ በግልጥ ይነገረው። አራተኛም የጭቃ ምርጊት፥ የሣር ክዳንና የአናጢነት ጥበብ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ በሙያ ትምህርት ቤት ለወጣቶች እንዲያስተምሩ ይጠሩ፤ ደመወዝም ይከፈላቸው።

ለመምህራንና ለተማሪዎች ደግሞ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። የፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በተለይም በ1944 እ.ኤ.አ. በጀርመኖች እጅ ፈጽማ ፈረሰች። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ አሮጌውን ሰፈር እንደ ገና ሲሠራ መሪ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የሕንፃ ጥበብ መምህራንና ተማሪዎች ቀደም ብለው ቤቶቹን እየለኩ የነደፉት ሥዕል ነበር። ያንን ሥዕል በሚነድፉበት ጊዜ ከተማዋ ፈርሳ በእርሱ ትሠራለች ብሎ ያሰበ ብዙ አልነበረም። እንግዲህ የደብረ ማርቆስ ተማሪ ከሜትርና ከእርሳስ በቀር ምን ያስፈልገዋል? በትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውን አንድ አሮጌ ቤት ይለካ፤ የበሩን ስፋት፥ የምሰሶውን ቍመት፥ የክፈፉን ርዝመት ይጻፍ፤ የቤቱን ባለቤት አያት ይጠይቅ፤ የሰፈሩን የቀድሞ ስም ይመዝግብ። መምህሩም ይህን ለታሪክ ትምህርት ፈተና ይቍጠርለት። በከተማይቱ ያለው ዩኒቨርሲቲም የተሰበሰበውን ተቀብሎ ቢያኖር በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንም ዶዘር ሊያፈርሰው የማይችል መዝገብ እናገኛለን።

የሠለጠኑ አገሮች አሮጌ ቤታቸውን የሚጠብቁት ሀብታም ስለ ሆኑ ነው እየተባለ ይነገራል። ጄኔ ሀብታም አይደለችም፤ ዋርሶም ያን ሥራ ስትጀምር በፍርስራሽ ላይ የተቀመጠች ድሃ ነበረች። ይህን ስንመለከት ልዩነቱ በኪስ ያለ ገንዘብ አለመሆኑን እንረዳለን። የጎደለን የራሳችንን ነገር የምንመዝንበት ሚዛን ነው። እስካሁን የመዘንነው በድንጋይ ክብደት ነበር፤ ከእንግዲህ ግን በውስጡ በተሠራው ሥራና በኖረበት ሰው እንመዝን። ይህን ያደረግን እንደ ሆነ የመንቆረር ጭቃ ከብዙ ድንጋይ ከብዶ እናገኘዋለን። ክረምቱ በየዓመቱ ይመጣል፤ ጭቃውም በየዓመቱ ምርጊት ይጠብቃል። የዘንድሮውን ምርጊት ለመጭው ዓመት አናስተላልፍ።